አባቴ ሐኪም ሲፈትን

ትናንት ከሸጎሌ በተሳፈርኩበት ታክሲ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከቦርሳዋ የክኒን እሽግ አውጥታ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጠቅ። አንድ ነጭ ክኒን መዳፏ ላይ ወደቀ። ውሃ እንኳ አልፈለገችም፤ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ ዋጠችው። ትንሽ ቆይታ ከሌላ እሽግ ሌላ አወጣች። ጠቅ። ይኼኛው ብርቱካንማ ነበር። የምን እንደሆነ ልጠይቃት አፌ ድረስ መጥቶ ተውኩት። ምን አገባኝ? ግን እስክወርድ ድረስ ዓይኔን ከቦርሳዋ አልነቀልኩም። ያ ድምፅ አንድ ክረምት ሙሉ በቤታችን ከቁርስ በፊትም ከራት በኋላም ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው።

አባቴ አናጺ ነበር። ዊንጌት፣ ከትምህርት ቤቱ ወረድ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተሠራች የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችው። ሰጋቱራና ቫርኒሽ ይሸት ነበር። እሑድ ታጥቦ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ቸርች ውስጥ ፊት ለፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲቀመጥ እንኳ ቫርኒሹ አይለቀውም። ጴንጤዎች ነን፤ እሱም የቸርቻችን ሽማግሌ ነበር። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ልጅ ሲያጠፋ የሚመክር፣ በተለይ ውሸት ላይ የማይምር ሰው። ይኼን ያዙልኝ።

እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያን ክረምት የአባቴ ወገብና ጉልበት ታመመ። እንጨት ለመላግ ጎንበስ ሲል እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። እናቴ ታከም ብላ ወጠረችው። እሱ ግን መታከም ብቻ አልፈለገም፤ አንድ "የኛ" የሚለው ሐኪም ማግኘት ነበር ምኞቱ። ያደገባት የደቡብ ከተማ ትንሽ ነበረች፤ ለከተማው ሁሉ ሐኪሙ አንድ ድሬሰር ብቻ ነበር። ሰውዬው፣ እንደ አባቴ አባባል፣ ከአጥር ውጪ ሲያስሉ ሰምቶ የማን ልጅ እንደሆነ ይለያል። ሳይጠይቅ ያውቃል። አባቴ ጉለሌ ላይ እንደዚያ ያለ ሰው አገኛለሁ ብሎ ተነሣ።

ክሊኒክ ጠፍቶ አይደለም። በኛ ሰፈር ከዳቦ ቤት ክሊኒክ ይበዛል። ሁሉም በሩ ላይ ቀይ መስቀል ወይም እባብ አስሎ፣ ከሥሩ የማያክመው በሽታ እንደሌለ ደርድሮ ይጽፋል። አባቴ ግን ለማንም የሚንበረከክ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም ሊፈትን ነበር የቆረጠው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ፊት ይቀመጣል። "ምንዎን ያምዎታል?" ሲባል "አሞኛል" ይላል። የት እንደሆነ አይናገርም። ከመቼ ጀምሮ፣ አይናገርም። ከዚያ በፊት የት እንደታከመ፣ ምን እየዋጠ እንደሆነ ቢገድሉትም አይናገርም። "ሐኪም ከሆነ ራሱ ይድረስበት" ይላል። "ከነገርኩትማ እኔው አከምኩት! ምኑን ተማረው ታዲያ?"

ይኼ የአባቴ ብቻ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ሰፈር እንደዚያ ነበር፤ ዛሬም ነው። ሐኪምና ጠንቋይ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ሐኪሙ ነጭ ጋውን መልበሱ ብቻ ነው። ጠንቋይን በየሳምንቱ የሚያወግዘው የኛ ቸርች ሽማግሌ ራሱ ከሐኪም የሚጠብቀው ጥንቆላ ነበር። ሥራ ቤቱ ደንበኛ ሲመጣበት ግን ሌላ ሰው ነው። በር ለማዘዝ የመጣን ሰው በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ወለሉ አፈር ይሁን ሲሚንቶ፣ ዝናብ ይመታው አይመታው እንደሆነ እየጠየቀ ያደርቀዋል። ለበር የሚገባውን ጥያቄ ለገዛ ወገቡ ነፈገው።

እናቴ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ትለዋለች።

"አልደበቅሁም፤ አልነገርኩም እንጂ" ይላል እሱ።

ለነዚህ ጉዞዎች የሚወስደው እኔን ነበር። ትምህርት ዝግ ነው፤ ታናናሾቼ ልጆች ናቸው፤ እናቴ ደግሞ አፏ አያርፍም። የኔ ሥራ ሁለት ነበር፦ መድኃኒቶቹን በጥቁር ፌስታል መያዝና ዝም ማለት። "ወደ አንቺ ከዞሩ፣ አላውቅም ነው" ብሎኛል። እኔም ዝምታዬን እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

የመጀመሪያውን ሐኪም የጠቆመን አንድ የቸርች ወንድም ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ጥርሱን የነቀለለትን ክሊኒክ ለወገብ መከረን። ሐኪሙ ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም። አባቴ "አሞኛል" አለ፤ ሐኪሙ "እሺ" ብሎ መርፌና ክኒን አዘዘ። ማን ማንን እንደናቀ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ሁለተኛው በተቃራኒው ከደም እስከ አክታ የሌለ ምርመራ አዘዘና፣ ምንም ሲያጣ ግሉኮስ ሰቀለለት፤ ክኒንም ጨመረለት። ሦስተኛው ሸጎሌ መንገድ ላይ ነበር። ትልቅ ተሽከርካሪ ወንበር አለው፤ ግድግዳው በምስክር ወረቀት ተሞልቷል። አባቴ ወረቀቱን አላነበበም። የክፈፎቹን ማዕዘን ሲመረምር ቆይቶ፣ ገና ደረጃውን ሳንወርድ "የክፈፍ ማዕዘን አጋጥሞ ያላሠራ ሰው አጥንቴን ሊገጥም!" አለ።

ከእያንዳንዱ ክሊኒክ በኋላ ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ካለች ሻይ ቤት እንገባለን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ቦምቦሊኖው ገና ከዘይቱ እንደወጣ ነው። አባቴ ከንፈሩ ላይ ስኳር እየተጣበቀ ሐኪሙን ያስመስላል። ስልክ የሚነካካውን፣ ግሉኮስ የሚሰቅለውን፣ ለወገብ ጥርስ ነቃይ የመከረንን ወንድም ጭምር። ከዐሥር ስንት እንደሚሰጠው ይነግረኛል፤ ከሦስት የዘለለ የለም። እስኪያስለኝ እስቃለሁ። በሌላ ጊዜ አባቴ የሰው ነበር፤ የደንበኛ፣ የቸርች፣ የተጣላ ጎረቤት። በዚያች ሻይ ቤት ግን የኔ ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ቶሎ እንዲድን አልፈልግም ነበር።

ሦስቱም ሐኪሞች የሰጡትን ክኒን አንዱንም አልጣለም። ሁሉንም በአንድ ላይ ይውጥ ነበር። "ሦስት ሰው ሲፈልግ አንዱ ያገኘዋል" ይላል። ወገቡ በእርግጥ ቀለል አለው። ፊቱ ግን ገረጣ። እንጨት እየላገ መሐል ላይ ቁጭ ማለት ጀመረ፤ ሆዱን ያቃጥለዋል መሰለኝ ወተት አበዛ። አንድ ጠዋት ከመፀዳጃ ቤት ተመልሶ "ትናንት ጥቁር ነገር በልተናል እንዴ?" አለኝ። ሽሮ እንደበላን ነገርኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ሄደ።

አራተኛዋ ሐኪም ሴት ነበረች፤ ወጣት። ሽሮ ሜዳ፣ ነጠላና ጋቢ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በላይ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል። ብርሃኑ ከውጭ በተሰቀሉት ነጠላዎች መሐል አልፎ ስለሚገባ ክፍሉ ሁሉ ነጣ ብሎ ነበር። ከታች ከሸማኔዎቹ ቤት የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። ተራ የሚጠብቅ ሰው የለም። አባቴ ባዶውን አግዳሚ አየና "ገበያ የሌለው ዕቃ" አለኝ በጆሮዬ።

ሐኪሟ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ሲተኛ በየት በኩል እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ። ማንም ያን ያህል ጠይቆት አያውቅም። አባቴ ግን በየጥያቄው እየተኮሳተረ ሄደ፤ የተናቀ መሰለው።

"አንቺ ልጅ፣ ልታክሚኝ ነው ወይስ ልታገቢኝ?" አላት በመጨረሻ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በጣቷ ሳብ አድርጋ አየች፤ ሌላኛውንም አየች። ፊቷ ተለወጠ።

"አባባ፣ የሕመም ማስታገሻ እየወሰዱ ነው?"

"የለም።"

"ሆድዎን ያቃጥልዎታል?"

"የለም።"

"ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?"

የቸርች ሽማግሌ፣ በሴት ልጁ ፊት! አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ያኔ ሐኪሟ ወደኔ ዞረች። "አንቺስ እህቴ፣ ቤት ውስጥ የሚውጡት ነገር አለ? ንገሪኝ፤ አስፈላጊ ስለሆነ ነው።"

ፌስታሉ ጭኔ ላይ ነበር። ሦስቱም እሽግ ውስጡ አለ። ጥቁር ሰገራ ስትል ያ ጠዋት ትዝ ብሎኛል፤ አልገባኝም ማለት አልችልም፤ ገብቶኛል። አባቴ አየኝ። እኔም ሐኪሟን ዓይን ዓይኗን እያየሁ "ምንም የለም" አልኳት። አላውቅም እንኳ አላልኩም። የታዘዝኩትን አሻሽዬ ዋሸሁ።

ሐኪሟ ደሙን እንዲመረመር ወረቀት ጽፋ በማግስቱ እንዲመለስ ለመነችው። መድኃኒት አልሰጠችም፤ መርፌም አልወጋችም። አባቴ ወረቀቱን ደረጃው ላይ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። "እሷ ያላወቀችውን ላብራቶሪ ሊነግራት!" አለ። ሻይ ቤታችን ገብተን ሐኪሟን አስመሰለልኝ፤ ዓይኔን በጣቱ እየሳበ። ዜሮ ሰጣት። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ቸርች ውስጥ ማስታወቂያ ሊያነብ ተነሣ። ሁለት መስመር አነበበ። ማይክራፎኑን እንደያዘ ጎንበስ አለ፤ የመጣው ትውከት ደም ነበር፣ ሱፉም ምንጣፉም ላይ። መዝሙር ሊጀምሩ የቆሙት ጮኹ። የማን መኪና ሆስፒታል እንዳደረሰን አላስታውስም። የማስታውሰው እናቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ መግባቷን ነው።

ድንገተኛ ክፍል የነበረው ሐኪም ሸምገል ያለ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ምን እንደሚወስድ ጠየቀ። እናቴ ክኒን እንደሚውጥ እንጂ የምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ፌስታሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ሐኪሙ እሽጎቹን አንድ በአንድ አነሣ። "ይኼ የሕመም ማስታገሻ ነው። ይኼም ራሱ ነው፤ ስሙ ነው የተለየው። ይኼም ራሱ።" ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጨጓራቸውን ቀዶታል። የሚያክሟቸው ሰዎች አንዱ የሌላውን ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም።"

"ጠይቀዋችሁ አያውቁም?"

"አንዷ ጠይቃናለች" አልኩት።

ያኔ ያየኝ አስተያየት አለ። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ናቀኝ። ሰው እንዴት እንደሚናቅ ክረምቱን ሙሉ ስማር ከርሜ፣ መናቅ ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። የቸርች ወንድሞች ተሰልፈው ደም ሰጡ፤ ጥርሱን ያስነቀለው ወንድም ሳይቀር። ስንስቅበት የከረምነው ሰው ደም በአባቴ ክንድ ገባ።

አባቴ ዳነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ካረፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሱም በሌላ ሕመም። ግን ሆስፒታል ከገባበት ቀን ጀምሮ ማንንም አስመስሎ አያውቅም። እንዲያስመስልልኝ አንድ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፤ ፈገግ ብሎ ሌላ ወሬ አነሣ።

ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት "ያቺ ልጅ ጋ እንሂድ" አለኝ። ፎቁን ስንወጣ ሁለቴ አረፈ። ሐኪሟ ስታየው አወቀችው፤ ደግማም ብድግ ብላ ጨበጠችው። ለምን አልተመለሱም ብላ አልወቀሰችም። ወረቀቷን ሳብ አድርጋ፣ ምን እንደደረሰበት፣ አሁንም ምን ምን እንደሚወስድ ጠየቀችው።

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። "እሷን ይጠይቋት ዶክተር" አለ ወደኔ እያመለከተ። "እኔ እዋሻለሁ።"

ነገርኳት። ሦስቱን ክሊኒኮች፣ የክኒኖቹን ቀለም፣ ወተቱን፣ ያን ጠዋት የጠየቀኝን። "ምንም የለም" ያልኳትንም ነገርኳት። እሷ ትጽፋለች። እየተናገርኩ ወደ አባቴ ዞር አልኩ። ሲሰርቅ እንደተያዘ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሱሪው ሰፍቶታል። ያ ማንም ዓይኑን የማይሞላው፣ ለማንም ከዐሥር ከሦስት በላይ የማይሰጠው አባቴ ይኼ ነው? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ናቅሁት። ለአፍታ ነው፤ ግን ናቅሁት፤ እሱው ባስተማረኝ ዓይን።

ያኔውኑ ቀና አለ። የሰው ፊት ማንበብ ይችልበት ነበር፤ የኔንም አነበበው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችኝ።

"ቀጥዪ ልጄ" አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ። "ምንም አታስቀሪ።"