ጠመንጃ ፍለጋ ወደ ኩዊንስላንድ

ጦርነት ካለበት አገር የመጣ ሰው ጠመንጃ ማየት አይፈልግም ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ የማውቀው ሰው ጠመንጃ ለማግኘት ብሎ ቤቱን ለቆ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከሜልበርን ኩዊንስላንድ እስከሚባለው ሩቅ ክፍለ ግዛት ድረስ ሄዷል። የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚህም እንደ አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ እንዳይሄድ ከለመኑት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው። ለመንነው፤ እሺ አለን። መርቀነው ወጣን። ከዚያ ሄደ።

ሰውየው ይመር ይባላል። የወሎ ልጅ ነው፤ አርባዎቹን ጀምሯል። ላቨርተን ኖርዝ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳ ነበር። ሚስቱ ዘሐራ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር። ሐያት የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኔ የተዋወቅኋቸው በሐያት ምክንያት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኬንሲንግተን ባቡር ይዤ ቤታቸው ሴንት አልባንስ እሄድና ድርሰት አስጠናት ነበር።

በዚያ ክረምት ሦስት ወጣቶች ገጀራ ይዘው የጓሮውን በር ሰብረው ገቡባቸው። የፈለጉት የመኪና ቁልፍ ነበር። ይመር ሰጣቸው። አንደኛው ግን መውጫው የጠፋበት ይመስል የሐያትን ክፍል ከፈተ፤ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አያትና "ሶሪ" ብሎ በሩን መልሶ ዘጋው። ይመር ገጀራውን ረስቶታል። ያችን "ሶሪ" ግን አልረሳትም። "እኔ ቆሜ፣ ልጄን ይቅርታ የጠየቃት ሌባ ነው" ይለኝ ነበር።

ፖሊሶች ቶሎ መጡ፤ ትሑቶችም ነበሩ። መኪናውም ከጥቂት ቀን በኋላ ተገኘ። ሰው ሁሉ "ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ" አለው። እኔም በበኩሌ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብያለሁ። ደም እስካልፈሰሰ ድረስ ሰው አልተጎዳም ማለት ልማዳችን ነው።

ይመር ከዚያ በኋላ መተኛት አቆመ። ሳሎን ወንበር ስቦ በሩን እያየ ያነጋል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሺፍቱ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ሐያት ጽሑፏን ስትጽፍ እሱ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና የጠመንጃ ላይሰንስ ሊያወጣ እንደሞከረ ነገረኝ።

"ለምን ፈለግህ አሉኝ። ሌባ ቢመጣ ብዬ አልኳቸው። በዚህ ምክንያት አይሰጥም አሉኝ።"

"አደን እወዳለሁ አትልም ነበር?"

"ምን አድኜ አውቃለሁ ጋሼ? ጥንቸል ላሳድድ? ዋሽቼ መሣሪያ አልይዝም። በውሸት የተገኘ መሣሪያ መጀመሪያ የሚበላው ባለቤቱን ነው።"

አብሮት የሚሠራ አንድ ሰው ኩዊንስላንድ ሕጉ ላላ ይላል ብሎት ነበር። ወሬው በየሱቁና በየመስጊዱ ደጅ ሲዞር አደገ፤ እኔ ጆሮ ሲደርስ ኩዊንስላንድ ጠመንጃ ከዳቦ ጋር የሚሸጥበት አገር ሆኗል። እኔ ሥራ ፈት ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩ። በጥቃቅኑ ነገር ልዩነት አለ። በዋናው ግን የለም። በዚህ አገር የትኛውም ክፍለ ግዛት ብትሄድ፣ ራሴን እጠብቅበታለሁ ብለህ ጠመንጃ አታገኝም።

ይህን ነገርኩት። ሌላም ነገርኩት። "ብታገኘው እንኳ በብረት ሳጥን ትቆልፍበታለህ፤ ጥይቱን ደግሞ ለብቻው። ሌባው ሲገባ ቆይ ቁልፌን ልፈልግ ልትለው ነው?"

ከዚያ ጉዳይ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ወዲያው ግን መለሰልኝ። "አባቴ ቤት ምሰሶው ላይ ምንሽር ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን ሲተኮስ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ግን እንዳለ ያውቃል። እኛም ለጥ ብለን እንተኛለን።"

"እዚህ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ማን ያየዋል?"

"እኔ አውቃለኋ" አለኝ።

በሳምንቱ ዘሐራ ኬንሲንግተን፣ እኔ ቤት ድረስ መጣች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ቁጭ ስትል እንኳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

"ጋሼ፣ ቤቱን ልለቅ ነው ብሎ ለአከራዩ ተናግሯል። ወላሂ ሌባውን አልፈራም አሁን። እሱን ነው የምፈራው። ድመት አጥር ስትዘል ይነሳል። አንድ ቀን ሐያት ውኃ ልትጠጣ ወጥታ ቢላዋ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ቢላዋ ነው፣ እጁን ያዝኩት። ጠመንጃ ቢሆን ምኑን እይዛለሁ?"

ሐኪም ጋ ውሰጂው አልኳት። "እኔ እብድ ነኝ ወይ ይለኛል" አለችኝ። "ሽማግሌ ይሰማል። ሽማግሌ ላኩልኝ።"

እኔ በሽምግልና እምብዛም አላምንም። ግን የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም፤ የተሻለ ሐሳብ የሌለው ሰው ደግሞ መተቸት ትቶ መሄድ አለበት። ሐጂ ሰይድን ለመንኩ። ሐጂ ሰባን ያለፉ፣ ድሮ ደሴ ነጋዴ የነበሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሦስት መሆን ነበረበት፤ ሦስተኛው ሺፍት ስለነበረበት ሁለት ሆነን ሄድን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ይመር በሩን ከፈተና ግቡ አለን። ሐጂ በሩ ሥር ቆሙ።

"የመጣንበትን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም።"

"ሐጂ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ። ጉልበትዎን ያምዎት የለም ወይ?"

"ጉልበቴ የራሴ ነው። ይህን ጠመንጃ የሚባል ነገር ተው። ልጅህን ከትምህርቷ፣ ሚስትህን ከሥራዋ አታፈናቅል። ቃልህን ስጠን።"

ይመር ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሐጂ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከውጭ ብርድ ይገባል። ዘሐራ ከማድ ቤት በር ላይ ሆና ታያለች። የያዝኩትን ክርክር ሁሉ ልጀምር ስል ይመር ሐጂን ክንዳቸውን ያዘ።

"እሺ ሐጂ። አልሄድም። ትቼዋለሁ። ይቀመጡ።"

ተቀመጥን። ዘሐራ እንባዋን ጠርጋ ምግብ አቀረበች። በላን። ሐጂ ደሴ ሳሉ ያስታረቋቸውን ሰዎች አጫወቱን፤ ይመር እየተነሳ በእጁ ያጎርሳቸው ነበር። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አላህ ልብህን ያሳርፈው፣ ቤትህን ይጠብቅልህ አሉት። ከሁላችንም በላይ ጮክ ብሎ አሚን ያለው ይመር ነው።

ልንወጣ ስንል ሐያት ከክፍሏ ብቅ አለች። "አለቀ?" አለች በእንግሊዝኛ።

"አለቀ" አልኳት።

"ሁላችሁም አልሄድም በል አላችሁት። እንቅልፍ ይተኛ እንደሆነ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁትም።" ይህንንም ያለችው በእንግሊዝኛ ነው።

ሐጂ እንግሊዝኛ አይሰሙም። "ምን አለች?" አሉኝ።

"ታመሰግናለች" አልኳቸው። ሰባን ያለፈ ሰው ጫማውን እያሰረ ሳለ ሌላ ምን ይባላል?

በነሐሴ መጨረሻ ዘሐራ ልንሄድ ነው ብላ ደወለችልኝ። ስደርስ በመኪና የሚጎተት የዕቃ መጫኛ ትሬለር በራፉ ላይ ቆሟል፤ ይመር ፍራሽ ያስራል።

"ለሐጂ ቃል ሰጥተህ አልነበረም?"

ገመዱን ጠበቅ አደረገ። "ምን ላድርግ ጋሼ? ሐጂን የሚያህል ሰው ደጄ ላይ አቁሜ እምቢ ልበላቸው? እንዲያ ያለ አስተዳደግ የለኝም። ሲወድቁ ልይ ነበር?"

ለመንግሥት አልዋሽም ያለ ሰው ለሐጂ ዋሸ። ለመንግሥት ያልዋሸው እንደ ሐጂ ስለማያከብረው ይሆናል።

ኩዊንስላንድ ውስጥ ከከተማ የራቀ የከብት እርባታ ላይ ሥራ አግኝቶ ነበር። እዚያ ለእባቡም፣ እግሩ ለተሰበረ ከብትም መሣሪያ ያስፈልጋል አሉኝ አለ። "እውነት ተናግሬ ነው የማገኘው። ለሥራ ነው እላለሁ፤ ለሥራ ነው።"

"የከብት ሥራ እዚህ ቪክቶሪያም ሞልቷል። ሕጉም ለሥራው ያው ነው።"

"እዚህ ጠይቄ እምቢ ተብያለሁ። እዚያ ገና አልጠየቅሁም።"

 

ዘሐራ ብርድ ልብስ ስታጥፍ ገብቼ፣ አንቺ ከሐያት ጋር ቅሪ፣ እኔ ቤት አንድ ክፍል አለ አልኳት።

"ብቻውን ከሄደ ከጠመንጃው ጋር ብቻውን ይሆናል" አለችኝ። "እኛ ካለን ቢያንስ ያፍራል።"

"ሐያትስ?"

"እምቢ ብላ ነበር። ማታ አባቷ በሩን እያየ ሲያነጋ አየችውና እሷው ሻንጣዋን አወጣች። እኔ አላስገደድኳትም።"

ሐያት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ አድርጋ ነበር። በመስኮቱ እጄን አውለበለብኩላት። እሷም አውለበለበች።

ዘሐራ ባለፈው ወር ደወለችልኝ። ላይሰንሱን አግኝቷል፤ ጠመንጃውም ገብቷል። በብረት ሳጥን ነው፣ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ በብሎን ታስሯል፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ሁሉም እንደ ሕጉ ነው።

"ታዲያ ይተኛል?"

"አይተኛም። ድሮ የመንገዱ መኪና ድምፅ ነበር፤ ሲሰማ መኪና ነው ይላል። እዚህ ምንም የለም። ምንም ከሌለ ደግሞ ትንሹም ነገር ይሰማል። ጎረቤት የለ፣ መብራት የለ። ሌባ እዚህ ምን ብሎ ይመጣል እለዋለሁ። ለዚያ ነው የሚያስፈራው፣ እዚህ ከመጣ ለሌብነት አይደለም ይለኛል።"

ሐያት አማርኛ መናገር ጀምራለች አለችኝ። ደስ የሚል ነገር የሰማሁ መስሎኝ እንዴት አልኳት። ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ነው አለችኝ። የክፍሏን በር ከመክፈቷ በፊት ውስጥ ሆና "ባባ፣ እኔ ነኝ" ትላለች። ትጠብቃለች። ደግማ "ባባ፣ እኔ ሐያት ነኝ" ትላለች። "እሺ ልጄ" ሲላት ነው የምትወጣው። በእንግሊዝኛ ከተናገረች ሌላ ሰው ይመስለዋል ብላ ትፈራለች። ስትመለስም እንደገና ትናገራለች።

ለሐጂ ነገርኳቸው። ደውሉልኝ፣ ላናግረው አሉ። ደወልን። ይመር በአክብሮት አናገራቸው፤ ጉልበታቸውን ጠየቃቸው፤ የሚሉትን ሁሉ እሺ አለ። ሐጂ ስልኩን ሲመልሱልኝ ከፊታቸው አንድም ተስፋ አላነበብኩም። በስልክ ደጅ ላይ መቆም አይቻልም።

ሕጉ ጥፋተኛ ነው አልልም። ጥሩ ሕግ ነው፤ እንዲያውም እኔ ብሆን ከዚህም አጠብቀዋለሁ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው አንዱ ሕጉ መጥበቅ አለበት ይላል፣ ሌላው ሰው ቤቱን መጠበቂያ ይፈቀድለት ይላል፣ ተከራክረው ይለያያሉ። እንቅልፍ ስለማያውቀው የይመር ዓይን የሚያወራ የለም። እኔም አብሬያቸው ስከራከር ራሴን ያዝኩት፤ ክርክር ስለምወድ። ያ ቤት ደህና ሆኖ ያልቃል ብዬ ተስፋ አላደርግም። ስልኬ በጠዋት ሲጮህ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ዘሐራ ናት እላለሁ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ኩዊንስላንድ የምትኖሩ ሰዎች፣ አስተያየታችሁን አትጻፉልኝ። አድራሻውንና ስልኩን ይህን ለሚያትመው ዝግጅት ክፍል ሰጥቻለሁ፤ ዘሐራም ፈቅዳለች። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ሂዱና ጠይቋቸው። ስትደርሱ አትምከሩት፤ እንቅልፍ እንዴት ነው በሉት። በቀን ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ፤ ደጁ ስትደርሱም መኪናችሁ ውስጥ ሆናችሁ እንደገና ደውሉ፤ ራሱ ወጥቶ እስኪያያችሁ ድረስ አትውረዱ።