ሃርሜ መዝሙር ያስጫነችባት ሚሞሪ

ትናንት ከሰዓት ወደ ቤት ስገባ የእናቴ ሬድዮ በመዝሙር ቤቱን ሞልቶታል። የድሮ ሚሞሪዋ ከተበላሸባት ሰነባብቶ ስለነበር እንዲያውም ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው አንድ ነገር የጎደለ የመሰለኝ... የማራገቢያው ድምፅ የለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። በኤሌክትሪካል ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሥራ የለኝም። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ «ሃርሜ» ነው የምላት። ሰፈሩ የሚያውቀኝ «ያ ሽቦ ሲጎነጉን የሚውለው» እያለ ነው። ስምንት ወር ሙሉ መታወቂያ ካርድ በምታክል ያገለገለች ኮምፒውተር እየተማርኩ ከተበላሸ ፍሪጅ የእንቁላል መፈልፈያ ሠራሁ። ኮምፒውተሯ ሙቀቱን ትለካለች፣ ባለ መቶ ሻማውን አምፖል ታበራለች ታጠፋለች፣ ማራገቢያውን ታዛለች። የጻፍኩት ኮድ በሙሉ ያለው ጥፍር በምታክል አንዲት ሚሞሪ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጥኩም። እንዳትሰድቡኝ፣ ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ።

እንቁላሎቹ ደግሞ የእኔ አይደሉም። ጋሽ ይመር የሚባሉ ዶሮ አርቢ ከአንገር ጉቲን፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ፣ ስልሳውንም በጭድ ሸፋፍነው አንድ ሳይሰበር አመጡልኝ። «እኒህ ከተፈለፈሉ ትልቁን ማሽን አንተው ነህ የምትሠራልኝ፤ እዚያው እኔው ጋ ትቀጠራለህ። ሐሙስ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሥራ እሰጥሃለሁ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ትናንት እንቁላሎቹ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው ነበር... ሦስት ቀን ነው የቀራቸው።

ፍሪጁን ከፈትኩት። ጨለማ። ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ሠላሳ ላይ ቆሟል። መሆን ያለበት ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው፤ እዚያ ላይ በቀይ መስመር ምልክት አድርጌበታለሁ። ኮምፒውተሯን ባገላብጣት የሚሞሪው ቦታ ባዶ ነው።

«ሃርሜ! እዚህ የነበረችው ሚሞሪ የት አለች?»

«ይኸው እየዘመረች አይደል?» አለችኝ ወደ ሬድዮዋ እየጠቆመች። «ስታወጣት ስትከታት አይሃለሁ። ሬድዮዬ ላይ ብሞክራት ምንም አትልም። ባዶዋን ከምትቀመጥ ብዬ መዝሙር አስጫንኩባት።»

በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ትናንት ጮኽኩ።

«ምን አጠፋሁ፣ ኢልማ ኮ?» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። ለማስረዳት እንኳ ትዕግሥት አልነበረኝም። አምፖሉን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኘሁና «ከቀዩ መስመር እንዳታሳልፊው!» ብያት፣ ሚሞሪዋን ከሬድዮው ነቅዬ ሮጥኩ።

ሚሞሪ ጫኙ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ሳየው ነፍሴ መለስ አለች።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይቺን ስትቀበል ውስጧ ምን ነበር?»

«ኧረ ምንም! ስሰካት ኮምፒውተሩ ራሱ ‹አላወቅኳትም፣ ፎርማት ላድርጋት?› አለኝ። አድርጋት አልኩት። ከዚያ በመዝሙር ጢም አድርጌ ሞላኋት። ለአዴ፣ ለእናትህ ስል የፎርማቱን አላስከፈልኩም።»

አልዋሸም። የእኔን ሲስተም የእሱ ኮምፒውተር ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ ያቃተውን ነገር ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ያርፋል። የጠፋውን መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለኝ ብሎ ሞከረልኝ፤ የሚወጣው መዝሙር ብቻ ሆነ። ሲስተሙን እንደገና ላወርድ ብል ኔትወርኩ ሰሞኑን ፎቶ እንኳ አያሳልፍም... ይሄ ጽሑፍ ራሱ ከደረሳችሁ ተመስገን ነው። የሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መንገደኛው ሁሉ እያየኝ።

ስመለስ ሃርሜ ፍሪጁ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የአምፖሉን ስፒና በእጇ ይዛ ዓይኗን ቴርሞሜትሩ ላይ ተክላለች።

«መስመሩን ሊያልፍ ሲል እነቅለዋለሁ፣ ሲወርድ እሰካዋለሁ» አለችኝ ዞር ሳትል። «እንቁላሎቹ ሥር ያለው የሳህኑ ውሃም ደርቆ ነበር፣ ጨመርኩበት። ያቺ ነገር ሌላ የምትሠራው ሥራ ነበራት?»

ነበራት ልላት አፌን ከፈትኩ። ማራገቢያውን ያየሁት ያኔ ነው፤ እሱንም ሰክታዋለች። ስምንት ወር ያልተኛሁበት ሥራ... ሃርሜ ያልያዘችው አንድም አልቀረ።

«ይቅር በይኝ፣ ሃርሜ።»

«ይልቅ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል።»

ከዚያ ወዲህ ተራ ገብተናል። አንዳችን ስንበላ ሌላችን ስፒና እንይዛለን፤ መብራት እንዳይሄድም እሷ ትጸልያለች። የሚያናድደኝ ደግሞ፣ የእኔ ኮምፒውተር አንዳንዴ ግማሽ ዲግሪ ትሳሳት ነበር፤ ሃርሜ እስካሁን አልተሳሳተችም።

ዛሬ ጠዋት አንዱን እንቁላል በሞባይል ባትሪ አብርቼ ሳየው ውስጡ ተነቃነቀ። በደስታ መዝለል ነበረብኝ። ጭራሽ ባሰብኝ። ባይፈለፈሉ ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር።

አሁን ሐሙስ ጋሽ ይመር ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ጫጩቶቹን አይተው «በል እስቲ ማሽኑን አሳየኝ» ሲሉኝ... እናቴን ላሳያቸው ነው?