ቦንዳ፣ ባለቤት፣ ብዙ

የያዙኝ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቼ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ ከታች ጅምላ ሻጮች፣ ከላይ እኔ። የዚያን ዕለት ትምህርት ኤስ የምትባለዋ ፊደል ነበረች። ቃል መጨረሻ ላይ ስትመጣ አንዳንዴ ብዛት ታሳያለች፣ አንዳንዴ ባለቤት ታሳያለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ቃል አንድ ላይ ሲታጠፍ የተረፈች ናት። ከላይ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ጭረት የት እንደምትገባ እያሳየሁ ሳለ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች በር ላይ ቆሙ። አንደኛው ትምህርቱን ትንሽ አዳመጠና "ቲቸር፣ አንዴ እንፈልግህ ነበር" አለኝ።

"ልጨርስ?" አልኩት።

"ሌላ ጊዜ ትጨርሳለህ።"

ተማሪዎቼ ፊት ካቴና አላስገቡልኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ደረጃው ላይ ነው ያሰሩኝ።

ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የጻፍኩት ነው ተባለ። ሱቅ ዘግታችሁ አድማ መትታችኋል ተብለው ስለታሰሩ ነጋዴዎች ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። አንቀጾቹን ዛሬም ባነባቸው የምሰርዘው ቃል የለም፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ አስተካክል ነበር።

የእስር ክፍሉ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የትናንት ሽሮ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በሷ በኩል የመርካቶ ድምፅ ይገባል። ተሸካሚዎች "ዞር በል! ዞር በል!" ሲሉ፣ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል። ያደግኩበት ሰፈር ግድግዳው ማዶ ሥራውን ቀጥሏል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት ብዬ ሆድ ባሰኝ።

"የሻማ!" አለኝ አንዱ። ካቦው ነው፤ እስረኛ ሆኖ እስረኛ የሚያስተዳድር የክፍሉ አለቃ። ውጭ ሚኒባስ ሹፌር ነበር። የሻማ የሚባለው አዲስ ገቢ ለክፍሉ የሚያዋጣው ነው። ሻማ ግን የሚያበራ የለም፤ እዚያ ቤት መብራት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም።

"ያለኝን መግቢያው ላይ ተቀበሉኝ" አልኩት።

"ሥራህ ምንድነው?"

"እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።"

"በቃ፣ በእንግሊዝኛ ትከፍላለህ!" አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ከኔ በፊት አንዱ ልብስ በማጠብ፣ አንዱ ደግሞ ተረት በማውራት ከፍለዋል።

በማግስቱ ጠዋት፣ የሽንት ቤት ተራ እንዳለቀ፣ ጀመርኩ። ያቋረጡኝ ቦታ ላይ ነው የጀመርኩት፤ እልኸኛ ነኝ። እስክሪብቶም ወረቀትም ክልክል ስለሆነ ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ሳይነበብ ይደርቃል፣ እንደገና እጽፋለሁ። ማንም አልገባውም። ደንቡን ደጋግሜ ብናገርም ያው ነው። እኔ ደግሞ ያልገባው ተማሪ ሲያየኝ ያናድደኛል፤ የተናደድኩት በሱ ይሁን በራሴ ለይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ "ቦንዳ ታውቃላችሁ?" አልኳቸው።

"ኧረ ቲቸር! መርካቶ ያደገ ሰው ቦንዳ ታውቃለህ ወይ ይባላል?" አለ ካቦው።

"እንግዲያውስ ስሙኝ። ይህቺ ጭረት የቦንዳ ገመድ ናት። ቦንዳ ውስጥ ልባሽ ልብስ ተጨምቆ እንደሚታሰር፣ ሁለት ቃል አንድ ላይ ታስሯል። ፍቱት። ሁለት ቃል ከወጣው ቦንዳ ነው። ካልወጣው ጭረቷ የባለቤት ምልክት ናት፤ ዕቃው የእገሌ ነው ትላለች። ጭረት ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ዕቃው ብዙ ነው፣ አለቀ።"

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጨረታ ቤት ሆነ። "ቦንዳ!" ይላል አንዱ፣ "የለም፣ ባለቤት አለው!" ይላል ሌላው። ፖሊሱ ጩኸት በዛ ብሎ በሩን በዱላው ሲደበድብ መልሱን በእጅ አደረግነው። ጭብጥ ቡጢ ቦንዳ፣ መዳፍ ደረት ላይ ባለቤት፣ አምስት ጣት ተዘርግቶ ብዙ።

ከሁሉም በላይ ችክ ብለው የያዙት አንድ የስልጤ ነጋዴ ነበሩ። ዱባይ ተራ የጫማ ሱቅ አላቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። እሳቸውም ከነዚያ ሱቅ ዘግታችኋል ከተባሉት አንዱ ናቸው። "የዘጋሁት ለቅሶ ሄጄ ነው፣ ወላሂ!" ብለው ነበር ለመርማሪው። የሰማቸው የለም።

ምግብ የምታመጣላቸው የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ። ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙት በሁለት ሽቦ አጥር መሃል ነው፤ እነሱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ፣ መሃል ላይ አንዲት ሴት ሳጅን። ምግብ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ፊቷ ይቀምሳል። ሁሉም ስለሚጮህ የራስህን ሰው ለመስማት ጆሮህን ሽቦው ላይ መለጠፍ አለብህ። አንድ ሕግ አለ፦ በአማርኛ ብቻ። በስልጥኛ አንድ ቃል ያመለጠው ሰው ጠያቂው ይባረርበታል።

አንድ ቀን እህቴን ላናግር ጋሼ አጠገብ ቆሜ ልጅቷን ሰማኋት።

"አባዬ፣ ሱቁን ልክፈተው። ከታሰርክ ጀምሮ ዝግ ነው፤ እማዬ ትንንሾቹን ትታ አትችልም።"

"ፈተናሽስ?"

"የምን ፈተና? መጽሐፍ ስገልጥ የምታየኝ አንተ ነህ። ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ገብቼ ላዋርድህ?"

ሰዓቱ አልቆ ገባን። ጋሼ ምግቡን ለሌላ ሰው ሰጡና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

"ቲቸር" አሉኝ፣ "እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ሱቅ ዛሬ ቢዘጋ ነገ ይከፈታል። እሷ ዘንድሮ ሳትፈተን ሱቅ ከገባች ግን በቃ፣ ገባች። አውቀዋለሁ፤ እኔም 'ለዘንድሮ ብቻ' ብዬ ነው የገባሁት።" ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ስለ ክሳቸው ሲያወሩ እንኳ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም።

"ምን ላግዝዎት ጋሼ?"

"አስተምረኝ። በደንብ አስተምረኝ።"

ምን እንዳሰቡ አልገባኝም፤ ግን አስተማርኳቸው። ውሃችንን ሲሚንቶ ላይ ስንጨርስ ካቦው ራሱ "ለትምህርት ነው" እያለ ከሌላው ይለምንልን ነበር። በሚቀጥለው መገናኛ ጋሼ ሽቦው ጋ ሄደው ለልጃቸው ነገሯት። "እዚህ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው" አሏትና የእጅ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳዩዋት። ልጅቷ ሳቀች። ከታሰሩ ጀምሮ ስትስቅ ያኔ ገና ማየታቸው ነው።

"ሙድ አትያዥብኝ" አሏት። "ጥያቄ ይዘሽ ነይና ፈትኚኝ።"

ይዛ መጣች። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ፣ ከጃኬቷ ኪስ ወረቀት አወጣች። ሳጅኗ ወዲያው ነጠቀቻት።

"ምንድነው ይሄ?"

"የትምህርት ጥያቄ ነው።"

"ወረቀት ክልክል ነው። እንግሊዝኛም ክልክል ነው።"

"እሺ፣ እርስዎ ያንብቡት" አለች ልጅቷ። "መጥፎ ነገር ካለበት ይቅደዱት።"

ሳጅኗ ወረቀቱን አየችው። ወደ ዋናው በር ዞር ብላ አለቃዋ አለመኖሩን አረጋገጠች መሰለኝ። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እየለቀመች አነበበችው። "ማይ... ፋዘርስ... ሾፕ... ሃዝ ሜኒ... ሹስ... በት ኢትስ... ክሎዝድ።"

የአባቴ ሱቅ ብዙ ጫማ አለው፤ ግን ዝግ ነው። ልጅቷ ራሷ የጻፈችው ነው። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ለእህቴ አቧራ ነው አልኳት።

ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ። የኛ ክፍል ሰዎች ከጠያቂዎቻቸው ጋር ማውራት ትተው ዞሩ።

"ፋዘርስ" አለች ሳጅኗ እንደገና። ነገሩ እሷንም ሳይዛት አልቀረም።

ጋሼ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ባለቤት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

"ሹስ።"

አምስት ጣት። ብዙ። ካቦው ከኋላዬ "አባቴ ይሙት!" አለ።

"ኢትስ።"

ይህቺን በየቀኑ፣ ያን ጠዋትም እየደጋገምን ሰርተናታል። ፈትተናታል፣ 'ኢት' እና 'ኢዝ' የሚሉ ሁለት ቃል አውጥተንላታል፣ መልሰን አስረናታል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ሲስታት አይቻለሁ፤ ጋሼ ግን አንድም ቀን አልሳቷትም። ቅንድባቸውን ሰብስበው አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ መለሱት። ባለቤት።

"ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። ሳጅኗ ዝም በል አለችኝ።

ልጅቷ አልጠበቀችም። ሽቦው ላይ ተለጥፋ ቡጢዋን ጨብጣ አነሳች። "ቦንዳ ነው አባዬ! ቦንዳ! ፍታውና እየው፣ ሁለት ቃል ነው የሚወጣው። ባለቤት ቢሆን ጭረቷ አትኖርም ነበር፤ ይህቺ ቃል ከሌሎቹ ትለያለች፣ ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው..." እያለች ቀጠለች። እኔ ለክፍሉ ገና ያልነገርኩትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው።

ጋሼ እስክትጨርስ በጥሞና አዳመጧት።

"ታዲያ ማን ነው የረሳው?" አሏት።

የልጅቷ ቡጢ ገና አልወረደም ነበር። ሳጅኗ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና "ሰዓት! ሰዓት አልቋል!" ብላ ጮኸች።

ክፍል እንደገባን ተቆጣኋቸው። እውነቴን ነው፣ በጣም ነበር የተናደድኩት። "ጠዋት እንደ ውሃ የጠጧትን! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!"

ጋሼ ምሳ ዕቃውን ከፍተው ሰው መጥራት ጀምረው ነበር። "ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፤ ገበያ ግን አታውቅም" አሉኝ። "ደንበኛ ሲከራከርህ የመጨረሻዋን ትለቅለታለህ። እሱ አሸንፎ ነው መሄድ ያለበት። እኔ ባሸንፋት ምን ትሆናለች? 'ጎበዝ አባዬ' ብላኝ ሱቅ ልትከፍት ትሄዳለች።" ጎረሱና "አሁን ግን እንጃ፣ ኢንሻአላህ" አሉ። ያቺን "እንጃ" ሲሉ ድምፃቸው ቀነሰ።

እንጃነቱ እውነት ነበር። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ምግብ ስታመጣ ስለ ፈተናው ምንም አትልም፤ እሳቸውም አይጠይቋትም። ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። ስለዚህ የመግቢያው ቀን ሲደርስ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ ምሳ ይዛ ሽቦው ጋ ከቆመች ቀርታለች፣ ካልቆመች ሄዳለች ማለት ነው።

የዚያን ቀን ጋሼ ጠዋት ታጠቡ፣ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለበሱ፣ ሰገዱ። ትምህርት አልነበረም። ካቦው ዶሚኖ የጀመሩትን "ዝም በሉ፣ ሰውዬው ይሰማ" አላቸው። እዚያ ቤት ሁሉም ሰው ጠያቂዬ ይምጣልኝ እያለ ነው የሚውለው፤ ያን ቀን ግን ክፍሉ በሙሉ የአንድ ሰው ጠያቂ እንዳትመጣ ሲጸልይ ዋለ። እስላሙም ክርስቲያኑም።

ስድስት ሰዓት ላይ የጋሼ ስም ተጠራ። ወጡ። እኔ አልተጠራሁም፤ በሩ ተዘጋ።

ሲመለሱ የያዙት ምሳ ዕቃ የማናውቀው ነበር፣ አረንጓዴ። በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ለመጥረግም አልሞከሩም።

"አልመጣችም" አሉ። "የጎረቤት ልጅ ነው ያመጣው። ቦርሳዋን ይዛ በጠዋት ወጥታለች።"

ክፍሉ በጭብጨባ ፈነዳ። ፖሊሱ በሩን ደበደበ፤ ያቆመ የለም። ካቦው ጋሼን አቅፎ ከመሬት አነሳቸው። አልሃምዱሊላህና ተመስገን ተደባለቁ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ቡጢዬን ጨብጬ አነሳሁ፤ ሁሉም ተከተለኝ። ፖሊሱ በቀዳዳው አሾልቆ ያ ሁሉ ሰው ቡጢ ሲያነሳ አየና አድማ መስሎት ሌሎች ፖሊሶች ጠራ። ለዚያ ጭብጨባ ሁላችንም ጠያቂ ተከለከልን። ቅር ያለው አላየሁም። የእንግሊዝኛ ፈተና በሚሰጥበት ጠዋት ካቦው እስከ ምሳ ዶሚኖውን ሰብስቦ ያዘ። "ፈተና ላይ ነን" አለ።

ከሁሉም በኋላ የወጣሁት እኔ ነኝ። ክሱ ተዘጋ ተባልኩ፤ ለምን እንደተከፈተም ለምን እንደተዘጋም የነገረኝ የለም። ሰሌዳው አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ኪራዩ ብቻ ጨምሯል። ጋሼ ሱቃቸውን ከፍተዋል። ዱባይ ተራ ባለፍኩ ቁጥር በጫማው ክምር ላይ ቡጢያቸውን ያነሱልኛል፤ ደንበኞቻቸው የተጣላን ይመስላቸዋል። ልጅቷ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ናት። ስትደውል አሁንም እንግሊዝኛቸውን ታርማለች አሉኝ፤ አሁን ግን እውነት ነው የሚሳሳቱት።

ያቺን ትምህርት በየዓመቱ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንዷ አለች፤ ደብተሯን ከድና በመስኮቱ ወደ ታች የምታይ፣ ቤቷ ውስጥ ምን እንዳለ የማናውቅላት። ያኔ ጭረቷን ያለ ቦታዋ አስቀምጥና ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳውን እየጠረግኩ እቆያለሁ። አንዳንዴ ብዙ ያስጠብቃል።

"ቲቸር፣ ተሳስተዋል" ትለኛለች።

"የቱ ጋ?" እላታለሁ። "ነይ፣ አሳዪኝ።"