የአሪየት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደውላ፣ የሠርጓ ፎቶዎች ሁሉ ስልኳ ላይ እንዳሉ ነገረችኝና፣ ቤት ባለው ፕሪንተር ላትማቸው ወይስ ፎቶ ቤት ልውሰዳቸው ብላ አማከረችኝ። ፎቶ ቤት ውሰጃቸው አልኳት። ለምን ስትለኝ ግን ወሬውን ወደ ድግሱ አዞርኩት።

በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጋምቤላ ገበያው አጠገብ በአጎቴ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ትንሿ ፕሪንተራችን ፎቶውን ወዲያው ታወጣለች፤ ቀለሙ ግን ውሃ ሲነካው ይለቃል። የሚቆይ የሚፈልግ ሰው ሲኖር ፋይሉን በፍላሽ አድርገን ጅማ ወዳለው ትልቅ ማሽን በአውቶቡስ እንልካለን፤ ሳምንት ይፈጃል።

በግንቦት መጨረሻ፣ መንገዱ ጨቅይቶ ከተማው የበሰለ ማንጎ በሚሸትበት ሰሞን፣ ኦኬሎ የሚባሉ አናጺ ስልክ ይዘው ገቡ። የስምንት ዓመት ልጃቸው አሪየት በወባ ሞታ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሊደረግ ነበር። ያላቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ደጃፍ ላይ ማንጎ ስትበላ፣ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዶ። ፊቷ ጨልሞ ስለነበር ኮምፒውተሩ ላይ አስፍቼ አበራሁት። ወረቀቱ ሲወጣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ይሄ ይቆያል?» አሉ።

«ይቆያል» አልኳቸው።

እንደማይቆይ አውቃለሁ። ለጸሎቱ ይህን ይያዙ፣ ሌላ ጅማ እናሳትምልዎ ማለት እችል ነበር። ግን ያን ፊት እያየሁ ነገር ማርዘም አልፈለግሁም። አርብ ሲደርስ እንደ ልማዴ የሳምንቱን ፋይል ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ።

ነሐሴ ላይ ተመልሰው መጡ። በላስቲክ የጠቀለሉትን ወረቀት ከሸሚዛቸው ውስጥ አወጡ። ጣሪያቸው አፍስሶ ኖሯል። የቀሚሱ ቢጫ ቀርቷል፤ ፊቷ ግን ሰማያዊና ሮዝ ሆኖ ፈስሷል። ስልኩም ከታንኳ ላይ ባሮ ወንዝ ውስጥ ገብቶባቸዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስላለ እንደገና አትሚልኝ አሉኝ።

እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ። እሳቸው ከጀርባዬ ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ ማጥፋቴን ነገርኳቸው፤ ወረቀቱ እንደማይቆይም ያኔውኑ አውቅ እንደነበር ጨምሬ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እህቴ» አሉ፣ «አንቺ ፊቷን በትልቁ አይተሻል። እኔ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። እንዴት ነበረች? ንገሪኝ።»

ግንባሯ ሰፊ እንደነበር፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ ብቅ ማለት ጀምሮ እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ አላስታወስኩም። እንድቀጥል ጠበቁኝ። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ጠቅልለው ወጡ።

ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ያን «ይቆያል» ለብዙ ጊዜ ለእሳቸው አዝኜ የተናገርኩት አድርጌ ይዤው ነበር። ዕድሜዬ እየጨመረ ሲመጣ ግን ያዘንኩት ለራሴ እንደነበር ገባኝ፤ ያዘነ ሰው ፊት ቆሞ ክፉ ወሬ መናገር ስለከበደኝ ነው። እኔን የከበደኝ ለትንሽ ደቂቃ ነበር። እሳቸውን ግን እስከ መቼ እንደከበዳቸው ማን ያውቃል።