የፊት ለፊቱን ሱቅ ስጽፍ

ልጁ “እወድሻለሁ” ሊል አፉን ሲከፍት፣ አንዲት ሴትዮ የግራ እግር ጫማ አፍንጫዬ ሥር ደቅና “ይሄ ሠላሳ ዘጠኝ አለው?” አለችኝ። ልጁ የልብ ወለዴ ልጅ ነው፤ ያለው ስልኬ ውስጥ። ሴትዮዋ ግን እውነተኛ ነች፤ ያለችው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ የአክስቴ ጫማ ሱቅ ውስጥ። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሀል ነኝ፤ አንድ እጄ ስልክ ላይ፣ አንድ እጄ ካርቶን ላይ። “አለው፣ ቆይ ቀኙን ላምጣልሽ” ብዬ ተነሳሁ። እኛ ጋ ለዕይታ የሚደረደረው የግራው ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ካወጣሃቸውማ ሌባ ጥንዱን ላፍ አድርጎ ይሄዳል። ቀኙን ፈልጌ ስመለስ ሴትዮዋ የለችም። ልጁም አፉን እንደከፈተ ቀረ። አቦ! ያንን ልብ ወለድ እንዲህ ነው የጻፍኩት።

ስጀምረው ለማንም አልተናገርኩም። ስልኬ ላይ ቻናል ከፈትኩ፣ የብዕር ስም አወጣሁ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል መልቀቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚያነቡኝ ጥቂት የሰፈር ልጆች ነበሩ፣ እነሱም እኔ መሆኔን ሳያውቁ። ከዚያ አንዱ ለአንዱ እየላከው ተማሪው፣ ካፌ የሚሠራው፣ እንደኔ ሱቅ የሚጠብቀው ሁሉ ገባበት። ሰው ሲበዛ ደግሞ ሰላም የለም። “ቀጣዩን ልቀቂ እንጂ!” “አንቺ ልጅ ገደልሽን እኮ!” “ደራሲዋ ሞተች እንዴ?” ስልኩ ነዘረ ማለት እኔ ተነሳሁ ማለት ነው። ቁጭ እላለሁ፣ ብድግ እላለሁ፣ የተደረደረ ጫማ አፍርሼ እንደገና እደረድራለሁ። አክስቴ ከጥጋቸው ሆነው ያዩኝና “ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁንጫ ነው?” ይሉኛል። “ምንም አይደል እትዬ” እላለሁ። ምን ልበላቸው?

ታሪኩ ቀላል ነው። ሱቃቸው ፊት ለፊት የሆነ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት አሉ። እሷ አበባ ትሸጣለች፣ እሱ ሰዓት ይጠግናል። በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ፣ መተላለፊያውን ተሻግሮ ይመጣና “ዝርዝር አለሽ?” ይላታል። አንድ ቀን ግን መሳቢያውን ሲከፍት ታየዋለች፤ በዝርዝር ብር የታጨቀ ነው። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው? ልብ ወለዱ በሙሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

አበባውንና ሰዓቱን ፈጥሬዋለሁ። ሰፈሩንም ወደ ፒያሳ አዛውሬዋለሁ፤ መርካቶ ውስጥ አበባ ማን ይገዛል ብዬ። ዝርዝሩን ግን አልፈጠርኩትም። ከአክስቴ ሱቅ ፊት ለፊት የስልክ ከቨርና ቻርጀር የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ እንደሌሎቹ ደንበኛ በእጁ የማይጎትት። “ዝርዝር አለሽ?” እያለ የሚመጣው እሱ ነው። ሞልቶ ያየሁትም የእሱን መሳቢያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አርፎ አያውቅም። ልደብቀው አልፈልግም፤ እወደው ነበር። ሲመጣ ዝርዝሩን እሰጠውና፣ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ቶሎ ብዬ ስልኬ ላይ አቀረቅራለሁ። ከዚያ የለበሰውን፣ የተናገረውን፣ አሳሳቁን ሳይቀር ትኩስ በትኩሱ እጽፈዋለሁ። ባትሪዬ ሲያልቅ ደግሞ የምሰካው እሱ ጋ ነው። ቢነዝር እንዳያየው ብዬ ስልኩን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጥና እሮጣለሁ።

አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ። እሱ በእውነት ሳይናገር የልብ ወለዱን ልጅ አላናግረውም አልኩ። ያልተባለ ቃል ፈጥሬ አፉ ውስጥ መክተት አስጠላኝ። አንድ ቀን ይናገራል፤ እኔም ያለውን እንዳለ ወስጄ መጨረሻውን እጽፋለሁ፣ በቃ። አንባቢ ግን እስከዚያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዴ ልጁና ልጅቷ ላይ መብራት አጠፋሁባቸው። አንዴ ሰርግ ላይ አገናኘኋቸውና ሊናገር ሲል ዝናብ አዘነብኩ። መላ ሲያልቅብኝ ልጁን ጉንፋን አስያዝኩትና ለሦስት ክፍል አልጋ ላይ አስተኛሁት። ኮመንቱ እሳት ሆነ። “ፈሪ!” “ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው እንዴ?” “አቦ ልጅቷን ለኔ ስጡኝ!” እኔም አብሬያቸው እናደዳለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይጠብቃል?

የሚጻፍ ነገር ሲጠፋኝ በምሳ ሰዓት በጎጃም በረንዳ በኩል፣ ጋሪ ለጋሪ እየተሽሎከለኩ፣ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ። ሰው ሲሸኛኝ ምን እንደሚባባል ለመስማት ነው። ጆሮዬን አቁሜ ገና ከመቆሜ ደላሎቹ ይከቡኛል። “የት ነሽ እህት? ማርቆስ? ባህር ዳር? አንድ ሰው ነው የቀረው!” የትም አልሄድም ብል ማን ይሰማኛል! አንዱማ ቦርሳዬን ነጥቆ አውቶቡስ ላይ ሊጭንልኝ ነበር። “ፍቅር ልሰማ ነው የመጣሁት” አይባል ነገር። የዚያን ቀን የሰማሁት አንዲት ልጅ መስኮቱ ጋ ለተቀመጠ ጎረምሳ “ደርሰህ ባትደውል ወየውልህ!” ስትል ብቻ ነው። እሷኑ ቃል ይዤ ሮጥኩ።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ለአክስቴ አነብላቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው የጻፈው አስመስዬ። አክስቴ ጎጃሜ ናቸው፤ ነገር ሲንዛዛ አይወዱም። “ይሄ ልጅ ምላሱን ምን በላው?” ይላሉ። “ደራሲው ደግሞ ማነው? ሥራ ፈት!” ከዚያ ተረት ይጨምሩበታል። “‘አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?’ ቢሏት ‘አፍ ያለው’ አለች አሉ። ይሄ ግን አፍም የለው፣ ከብትም የለው!” እስቃለሁ፣ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነው። ዓይኔ ያለው ፊት ለፊት ሱቅ ላይ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጫማውን አውጥቼ ደርድሬ ሳልጨርስ፣ መጣ። አክስቴ ዕቃ ሊያዩ ወጥተዋል። እጄ በልማድ ወደ ዝርዝሩ ሄደ።

“አይ፣ ዛሬ ዝርዝር አይደለም” አለኝ።

ይሄው መጣ! ያ ሁሉ አንባቢ የጠበቀው ቃል፣ እኔ የጠበቅሁት ቃል!

“ሽማግሌ ልኬ ነበር” አለ።

የት? እሁድን ሙሉ ከአክስቴ ጋር ቤት ነበርኩ፤ በራችንን ያንኳኳ ሰው የለም። ወይስ ክፍለ ሀገር፣ እናቴ ጋ ሄደው ይሆን? እናቴ ብትሆን ትደውል ነበር። ይሄን ሁሉ ያሰብኩት እሱ ትንፋሽ እስኪስብ ነው።

“ለማን?” አልኩት።

“የእናቴ የጽዋ ማኅበርተኛ ልጅ ነች። ሁለቴ ‘ተማክረን እንነግራችኋለን’ ብለው መልሰዋቸው ነበር። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ እሺ አሏቸው።”

በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ሳምንታት አልፈዋል። ለካ ዝርዝር ሊጠይቀኝ መምጣት ካቆመ ሰንብቷል! እኔ ልብ ወለዱ ውስጥ ጉንፋን አስይዤ አስተኝቼው ስለነበር፣ እኛ ሱቅ መምጣት መተዉን ልብ አላልኩትም።

“ለጥሎሽ ጫማ ፈልጌ ነው” አለ።

ጥሎሽ ቀን ሙሽራው ለሙሽሪት ያመጣው ሁሉ በዘመድ አዝማድ ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ይታያል፤ ቀሚሱ፣ ወርቁ፣ ጫማው። ጫማው ልኳ ካልሆነ የሴቷ ወገን ዓመት ሙሉ ይስቅበታል።

“ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው፣ እንዳንቺ። በአንቺ እግር እንየው።”

“የኔን ቁጥር ደግሞ ማን ነገረህ?”

“ሁለት ዓመት ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ?” አለ።

ነጩን አወረድኩ። ቀኙን ከካርቶኑ አወጣሁ። ሌላ ሴት የምትዳርበትን ጫማ አጥልቄ በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ “ዞር በይ! ዞር በይ!” እያለ አለፈኝ። አለቀስኩ? አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። በእሱ፣ በማኅበርተኛዋ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በራሱ በጫማው ሳይቀር ተናደድኩ።

“አይጠብም?” አለኝ።

“አይጠብም” አልኩት። ልክክ ብሎልኝ ነበር።

ጫማውን ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አስገባሁለት። ሂሳቡን ከፈለ፣ ግን አልሄድ አለ።

“አንድ ልብ ወለድ አለ፣ ስልክ ላይ የሚለቀቅ” አለኝ። “ዝርዝር የሚጠይቅ ልጅ ያለበት። ታውቂዋለሽ?”

“ሲያወሩ ሰምቻለሁ” አልኩት። ጆሮዬ ጋለ።

“ሰው ሁሉ የሚሰድበው ልጁን ነው። ፈሪ ይሉታል፣ ድንጋይ ይሉታል። እስቲ አሁን፣ መሳቢያው ሞልቶ ሳለ ዝርዝር የሚለምን ሰው ከዚህ በላይ ምን ይበል?” ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። “ልጅቷ እኮ አይታለች። አንድ ቀን ‘አንተ፣ ምን ፈልገህ ነው የምትመላለሰው?’ ብትለው ምን ነበረበት? ዝርዝሩን ትሰጠውና ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። ሁልጊዜ። ሰው እስከ መቼ የሰው አናት ሲያይ ይኖራል? አንዲት ቀን ቀና ብትል ኖሮ ሽማግሌው ሌላ ቤት አይሄድም ነበር።”

በእኔ ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ልጅ ስልክ ላይ አቀርቅራ አታውቅም። ሽማግሌ የላከ ሰውም የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም።

ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለ። “እንኳን ደስ ያለህ” አልኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ቀና ብዬ ዓይኑን እያየሁ ያልኩት የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነበር።