አማቴና የጌሙ ማውስ

ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር የምንኖርበት ሕንፃ ላይ ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ አንድ የድሮ ቪዲዮ ጌም ትቶልኝ ሄደ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ካሴቱ ከላይ የሚሰካ ዓይነት ነው። በእጅ የሚያዘው ዋናው መጫወቻው ጠፍቷል፤ የቀረችው ከሥሯ ኳስ ያላት ማውስ ብቻ ናት። በእሷ ደግሞ የሚጫወቱት አንድ ነገር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚበር ዝንብ እያሳደዱ፣ እየጫኑ መግደል።

ባለቤቴ አየት አድርጋ "ዝንብ የሌለበት ፎቅ ላይ ዝንብ አስገባህ?" አለችኝ።

አባቷ፣ አማቴ ማለት ነው፣ የሚኖሩት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዌስተን ነው። በወጣትነታቸው በስደት መጥተው፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስክሪን የሚባል ነገር አይወዱም። ሰው ስልኩን ሲነካ ካዩ ምክር ይጀምራሉ፤ ምክራቸው ደግሞ ቶሎ አያልቅም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ጎራ አሉና ጌሙን አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጌም ነው፣ አባባ።"

"በዚህ ዕድሜህ?" ብለው ተቀመጡ። "እስቲ አምጣው፤ የምቃወመውን ነገር ልወቀው።"

ማውሷን ጨብጠው አንድ ዝንብ ገደሉ። ሌላ ደገሙ። ምሳ ቀረበ ስንላቸው "መጣሁ" አሉ፤ አልመጡም። ምሳው ቀዘቀዘ።

በፊት በበዓል ብቻ ብቅ የሚሉት አባት ከዚያ ወዲህ ማክሰኞም ሐሙስም አውቶቡስ እየቀያየሩ ይመጡ ጀመር። ሰላምታው ለልጃቸው፣ ዓይናቸው ለቴሌቪዥኑ።

በዚህ መሃል ስለ ስክሪን ጉዳት ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች እንዲያስተምሩ ተጋበዙ። ንግግራቸው እውነትም ጥሩ ነበር። "ጣታችሁን የሚያዘው ማን ነው?" ሲሉ ወጣቶቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ግን የማየው ቀኝ እጃቸውን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጠቋሚ ጣታቸው ቶሎ ቶሎ ይጫናል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪም አይቷቸዋል?" አሉኝ።

ወሬው ባለቤቴ ጆሮ ደረሰ፤ ደንግጣ የሐኪም አፖይንትመንት ያዘችላቸው። አማቴ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንግሊዝኛው ስለሚጠፋቸው ለማስተርጎም አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሟ እጃቸውን አገላብጣ አይታ፣ ጅማታቸው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በመደጋገሙ መቆጣቱን ነገረችንና በዚያ እጅ አዘውትረው ምን እንደሚሠሩ ጠየቀች።

አማቴ ሳልተረጉምላቸው "መቁጠሪያ በላት" አሉኝ።

"አባባ..."

"ጸሎት በላት አልኩህ።"

ጸሎት አልኳት። በአክብሮት ራሷን ነቀነቀችና ለጥቂት ሳምንታት ጸሎት እንዲቀንሱ መከረች።

ሊፍት ስንጠብቅ አማቴ ከልባቸው ተቆጥተው ነበር። "ጸሎት ቀንስ የሚል ሐኪም ምን ሐኪም ነው?" አሉ። እሑድ ለምእመኑ ሁሉ ይህንኑ ነገሩ፤ ሐኪሟን እንክሰስ ያሉም አልጠፉም።

ባለቤቴ ግን የዋህ አይደለችም። ማውሷን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችባት። ማክሰኞ አማቴ መጡ፤ ቴሌቪዥኑ ሥር አዩ፤ ማውሷ የለችም። የሚያደርጉት ሲያጡ ከልጃቸው ጋር ሻይ ጠጡ። ወገቧን እንደሚያማት የሰሙት ያን ቀን ነው፤ ስንት ጊዜ መጥተው አልጠየቋትም፣ እሷም አልነገረቻቸውም ነበር። ብዙ አወሩ።

ሐሙስ ሳይቀሩ መጡ፤ ለወገቧ የሚሆን ትራስ ይዘው።