ጤፍ ያልሆነው ሣር

ትርፍነሽ በሰው አገር፣ ግራንድ ሳኮኔ በምትባል ከተማ፣ በአንዲት ዲፕሎማት ቤት ስትሠራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። የአድአ ገበሬ ልጅ ናት። የመኖሪያ ካርዷ ከሥራዋ ጋር የታሰረ ነው። ከቤቱ ከወጣች በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ዲፕሎማት ካልቀጠራት አገሩን ትለቃለች።

እመቤቲቱ ከሰሜን አሜሪካ ሣራማ ሜዳ የመጡ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው የግቢው ጥግ የአገራቸውን ቢጫ አበባ ከሣር ጋር ቀላቅለው ዘሩ። ዘሩ ከአባታቸው መሬት የተለቀመ ነው፤ መሬቱ ተሽጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ከሰፋፊ ሻካራ ቅጠል በቀር የታየ ነገር አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ለዕረፍት ሲሄዱ የአበባውን መደብ እንድታርም ነገሯት። አረመች። በልጅነቷ እንደለመደችው ሰፋፊውን ቅጠል እየነቀለች ሣሩን አስቀረች። ጤፍ የሚታረመው እንዲህ ነው። ስትጨርስ ፎቶ አንስታ ላከችላቸው።

እመቤቲቱ ወዲያው ደወሉ። አልጮኹም።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አለች፣ ገና እየኮራች።

«ሰፊው ቅጠል እኮ አበባው ነበር» አሉ። ያኔ ገባት። ስልኩን እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከአንድ ወር በኋላ ከሥራ የሚያሰናብታት ደብዳቤ ደረሳት። ለባሮክ ደወለች። በጸሎት ጉባኤ የምታውቀው ነው፤ ቪንተርቱር በተባለ ከተማ የመናፈሻ ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ ሳቀ።

«እህት ትርፍነሽ፣ ለእርሻ ማነው የቀጠረሽ?»

ቀጥሎ ሥሩን አይታ እንደሆነ ጠየቃት። አላየችም፤ ስትነቅለው ቅጠሉ ካንገቱ ነበር የተበጠሰው። ይህ ተክል የመጀመሪያ ዓመታቱን የሚጨርሰው ሥሩን ወደ ታች ሲሰድ ነው አላት። «ሥሩ ካለ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ፍግ አታድርጊበት፣ ውኃም አታብዢበት፣ ተይው።» ትርፍነሽ ልትክስ ብላ ያመጣችውን ፍግ መለሰች። አንዱን ቦታ በማንኪያ ማሰች። ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ፤ ሥሩ ግን አላለቀም። ደንግጣ አፈሩን መለሰች።

እመቤቲቱ ሲመለሱ ይህን ነገረቻቸው። ደብዳቤውን ግን አልሻሩትም።

ደብዳቤው በደረሳት በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት በመስኮት አየቻቸው። መደቡ አጠገብ ተንበርክከዋል። ገቡ፤ ጉልበታቸው አፈር ነክቶታል።

«ዐሥራ አንዱ በቅሏል» አሉ። «ደብዳቤውን መልሺልኝ። መደቡን ግን እንዳትነኪው።»

አበባው አምና አበበ። ከትርፍነሽ ቁመት ይበልጣል። ሥሩ አካባቢ ሰፋፊ ቅጠል አለ። በዚያ ስታልፍ እንዳትነቅለው እጆቿን ወደ ኋላ ታጣምራለች።